ላፕቶፔን ወደ ሊኑክስ ቀየርኩት፣ ከዛ ዋይፋዩ ጠፋ፣ ድምፁ ጠፋ፣ ፋኑ ይጮሃል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ትንሽ ገባ ብሎ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ካበቃ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ከሌላችሁ፣ ኢንቴል ከሆነ ደግሞ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዛ በላይ ካልሆነ አልገባም ስለሚል፣ የብሎኩ ሰው በየተራ ዩዝድ ላፕቶፑን እያመጣ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ቦታ የሚገባ ነፃ ሲስተም) ጫንልኝ ይለኛል። እጭናለሁ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ "አንተ ልጅ፣ ና ያበላሸኸውን አስተካክል" ብለው በሬን ያንኳኳሉ። መቶ ጊዜ ከማወራው አንዴ ልፃፈው ብዬ ነው። የማወራው ሚንትና ኡቡንቱ ስለሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ነው፣ እኛ ሰፈር የምጭነው እነሱን ስለሆነ። ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚፃፍበት መስኮት) ላይ የሚገቡትን ትዕዛዞች በድምፃቸው ነው የፃፍኳቸው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ትንንሹ ፊደል ፃፏቸው።

ችግሩ የሊኑክሱ ነው የላፕቶፑ? በምን አውቃለሁ?

ይሄን ሳትለዩ ምንም ነገር አትንኩ። ሰው ብሩን የሚጨርሰው እዚህ ጋ ነው። ኪቦርዱ ላይ አንድ ፊደል እምቢ ሲል "ሊኑክሱ ነው" ይልና ፎርማት ያስደርጋል፣ ፎርማት ተደርጎም ፊደሉ እምቢ ይላል፣ ለካ ከወር በፊት ሻይ ፈሶበታል።

ሊኑክስ የጫናችሁበትን ፍላሽ ዘፈን አትጫኑበት፣ እንዳለ አስቀምጡት። ችግር ሲመጣ ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሱት፣ ኤችፒ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ9 ነው፣ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12። ከዛ ኢንስቶል ሳትሉ ዝም ብላችሁ ሞክሩት። በፍላሹ ሲነሳ ዋይፋዩ ከያዘ ድምፁም ከወጣ ዕቃው ደህና ነው፣ የተበላሸው ዲስኩ ላይ ያለው ሲስተም ነው። በፍላሹም እምቢ ካለ ወይ ድራይቨር (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ይፈልጋል ወይ ዕቃው ሞቷል። ይሄን ደግሞ ለመለየት ባዮስ (ላፕቶፑ ራሱ ይዞት የመጣው፣ ከሲስተሙ በፊት የሚነሳው ሴቲንግ) ውስጥ ግቡ፣ ባዮስ ሊኑክስን አያውቅም ዊንዶውስንም አያውቅም። እዛም ኪቦርዱ ካልሰራ፣ እዛም ስክሪኑ ላይ መስመር ካለ፣ በቃ ሊኑክስን ተዉት። ኤችፒ ሲነሳ ኤፍ2 ብትነኩ፣ ዴል ደግሞ በኤፍ12 ሜኑ ውስጥ ዲያግኖስቲክስ የሚለውን ብትመርጡ ራሙንና ዲስኩን ራሱ ይፈትሽላችኋል።

ሌላው፣ ተርሚናል ከፍታችሁ ሱዶ (በአስተዳዳሪ ስልጣን አድርግ ማለት ነው) ብላችሁ ስፔስ ከዛ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ፃፉ። ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) ከተነሳ ጀምሮ ያጉረመረመውን ሁሉ ያወጣዋል። ቀይ የሆነ መስመር ወይ ፌይልድ የሚል ቃል ካያችሁ መስመሩን እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ ጎግል ላይ ለጥፉት፣ "ላፕቶፔ አልሰራም" ብሎ ከመፈለግ መቶ እጥፍ ይሻላል።

ዋይፋይ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ድራይቨር እንዳላወርድ ኢንተርኔት የለኝም፣ ኢንተርኔት እንዳይኖረኝ ድራይቨር የለኝም። ምን ይሻላል?

የሁሉም ሰው ጥያቄ ይሄ ነው። መጀመሪያ ስልካችሁን በቻርጀር ኬብሉ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት፣ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ባለበት ቦታ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚል አለ፣ አብሩት። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ኬብል ቆጥሮ ወዲያው ኢንተርኔት ይሰጣችኋል፣ ምንም ድራይቨር አይጠይቅም። ኬብሉ ግን ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን፣ መንገድ ላይ ከሚሸጡት ርካሾቹ ውስጥ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ አሉ፣ እኔ አንድ ቀን ሙሉ ቴተሪንጉ ለምን እምቢ አለ ስል የዋልኩት በኬብል ነው።

ከዛ ካርዱ ምን እንደሆነ እዩ። ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ ብላችሁ ኔትወርክ የሚለውን መስመር አንብቡ። ኢንቴል ካለ ዕድለኛ ናችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያውም ይሰራል። ብሮድኮም ካለ፣ በተለይ ቢሲኤም43142 የሚባለው ብዙ የድሮ ዴልና ኤችፒ ላይ ያለው፣ ድራይቨሩ ክፍት ስላልሆነ ለብቻው መጫን አለበት። ሚንት ላይ ድራይቨር ማኔጀር፣ ኡቡንቱ ላይ አዲሽናል ድራይቨርስ የሚለውን ክፈቱ። የብሮድኮሙ ድራይቨር የመጫኛው ፍላሽ ውስጥ ስላለ ሚንት ላይ ኢንተርኔት ባይኖርም ፍላሹን ሰክታችሁ መጫን ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይሄን ስለማያውቅ ነው ዳታውን የሚጨርሰው።

ካርዱ ሪልቴክ ከሆነና ኔትወርኩን የሚያየው ራውተሩ አጠገብ ስትሆኑ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አርቲኤል8723ቢኢ የሚባለው ካርድ ያላቸው አንዳንድ ኤችፒዎች ፋብሪካው አንድ አንቴና ብቻ ነው የሰካላቸው፣ ሊኑክሱ ደግሞ ያልተሰካውን አንቴና ያዳምጣል። ኢቲሲ ውስጥ ሞድፕሮብ ዶት ዲ የሚል ፎልደር አለ፣ እዛ ውስጥ መጨረሻው ዶት ኮንፍ የሆነ ፋይል ፈጥራችሁ ኦፕሽንስ፣ ስፔስ፣ የካርዱ ስም፣ ስፔስ፣ ኤኤንቲ አንደርስኮር ኤስኢኤል እኩል ይሆናል 2 ብላችሁ ሴቭ አድርጉና ሪስታርት አድርጉ። 2 ካልሆነ 1 ሞክሩ። የጎረቤቴ ልጅ ሙሉ ሁለት ወር ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያጠናው፣ መኝታ ቤት ኔትወርክ አይደርስም ብሎ፣ ይቺን አንድ መስመር ፅፈን አልጋው ላይ ገባ።

ካርዱ ታይቶ ነገር ግን ዋይፋይ አልበራም ካለ አርኤፍኪል ሊስት ብላችሁ ፃፉ። ሶፍት ብሎክድ የስ ካለ አርኤፍኪል አንብሎክ ኦል። ሃርድ ብሎክድ የስ ካለ ግን በትዕዛዝ አይፈታም፣ ላፕቶፑ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ወይም አውሮፕላን ያለባትን ቁልፍ ፈልጉ።

ዊንዶውሱን ሳታጠፉ ጎን ለጎን ከሆነ የጫናችሁት ደግሞ ዊንዶውስ ገብታችሁ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን አጥፉት። ዊንዶውስ ጠፋሁ ሲል በትክክል ስለማይጠፋ ካርዱን እንደያዘ ይሄዳል፣ ዲስኩንም እንደዛው፣ ሊኑክስ ሲመጣ "ዲ ድራይቬ ላይ ፋይል መፃፍ አልቻልኩም" የምትሉት ከዚሁ ነው።

ድራይቨሩን ጫንኩ፣ ሪስታርት ሳደርግ ሰማያዊ ነገር መጣ፣ ፈርቼ ኢንተር አልኩት፣ አሁንም አይሰራም

እህቴ አትፍሪ፣ ቫይረስ አይደለም። ሴኪዩር ቡት ስለበራ ነው። ሴኪዩር ቡት ፊርማ የሌለውን ድራይቨር አላስገባም ይላል፣ ስለዚህ ስትጭኚ ፓስወርድ አስገቢ ብሎሽ ነበር፣ ያ ሰማያዊ ስክሪን ደግሞ ያንኑ ፓስወርድ ሊጠይቅሽ ነው የመጣው። ኢንሮል ሞክ የሚለውን መርጠሽ ኮንቲኒው፣ የስ፣ ፓስወርዱን፣ ከዛ ሪቡት። ዝም ብለሽ ካለፍሽው በሚቀጥለው አይመጣም፣ ድራይቨሩን አጥፍተሽ እንደገና መጫን ነው። ይሄ ሁሉ ካደከመሽ ባዮስ ገብተሽ ሴኪዩር ቡቱን አጥፊው፣ እኔ ለሰፈር ላፕቶፕ አጠፋዋለሁ። ዊንዶውሱም አብሮ ካለና ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ከበራ ግን መጀመሪያ የሪከቨሪ ቁልፉን ፅፈሽ ያዢ፣ ባዮስ ሲነካካ ሊጠይቅሽ ይችላል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ጥቁር ስክሪን ላይ ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል ፅሁፍ ብቻ ይቀመጣል። ሃርድ ዲስኩ ተቃጠለ?

ብዙውን ጊዜ አልተቃጠለም። ይሄ የኛ ሰፈር በሽታ ነው። ላፕቶፑ ዩዝድ ነው፣ ባትሪው ሞቷል ወይ አብጦ ወጥቷል፣ ስለዚህ በቀጥታ ከሶኬት ነው የሚሰራው፣ መብራት እልም ሲል እሱም እልም ይላል። ዲስኩ ላይ እየፃፈ በነበረበት ሰዓት ስለተቋረጠ ፋይል ሲስተሙ (የፋይሎቹ አቀማመጥ) ይዛባል። ኤክስት4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም የስራ መዝገብ (ጆርናል) ስላለው አብዛኛውን ጊዜ ሲነሳ ራሱን ያስተካክላል፣ አንዳንዴ ግን "ይሄን እኔ በራሴ አልወስንም፣ አንተ በእጅህ አሂድ" ብሎ ይቆማል። ያ ነው ያያችሁት።

ፅሁፉን ወደ ላይ ብታነቡት የትኛው ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ለምሳሌ ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስዲኤ2፣ አዲስ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ኤንቪኤምኢ የሚል ረዥም ስም። ከዛ ኤፍ-ኤስ-ሲ-ኬ፣ ስፔስ፣ ሰረዝ ዋይ፣ ስፔስ፣ ያነበባችሁትን ስም ፃፉና ኢንተር። ሰረዟ ዋይ ለሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ አዎ በል ማለት ነው፣ እሷን ከረሳችሁ ዋይ ዋይ ዋይ ስትሉ ጣታችሁ ይደነዝዛል። ሲጨርስ ሪቡት።

ባለፈው ክረምት ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንዲት ተማሪ ላፕቶፗን በፌስታል ይዛ ማታ መጣች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቷ ውስጡ ነው፣ አንድ ጥገና ቤት ዲስኩ ሞቷል አዲስ ግዢ ብሏት ብር ልትበደር ነበር። ሰካሁት፣ ያው ጥቁሩ ስክሪን። ትዕዛዙን ፅፌ ኢንተር ስል ቁጥር በቁጥር ላይ ይወርድ ጀመር፣ እሷ ጋቢዋን አፏ ላይ አድርጋ ታያለች፣ ሶስት ደቂቃ እንኳን አልፈጀም፣ የሚንት አረንጓዴ አርማ ሲወጣ ልጅቷ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ፕሮጀክቱን እዛው ፍላሽ ላይ ገለበጥን። በኋላ ስጠይቃት ላፕቶፑና ፍሪጁ አንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው፣ ባትሪው የለም። ዲስኩ ምን ያድርግ።

መፍትሄው ባትሪ መቀየር ነው። ሰው "10 ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ባትሪ ምን ያደርግልኛል" ይላል፣ 10 ደቂቃ እኮ ሴቭ አድርጎ በስርዓት ለማጥፋት ከበቂ በላይ ነው፣ ለብቻው ዩፒኤስ ከመግዛትም ይቀላል። ያበጠ ባትሪ ካላችሁ ግን አትውጉት፣ አትጫኑት፣ አውጥታችሁ ህፃን ከማይደርስበትና ከሚቀጣጠል ነገር አርቁት።

ይሄንኑ አድርጌ በሳምንቱ ተመለሰ፣ ፋይልም ሴቭ አልሆን ብሎኛል

ያኔ ዲስኩን ጠርጥሩ። ሊኑክስ ዲስኩ ላይ ስህተት ሲያይ የባሰ እንዳይበላሽ ብሎ ማንበብ ብቻ ወደሚቻልበት ይቀይረዋል፣ ሴቭ አልሆን ያላችሁ ለዛ ነው። ዲስክስ የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱ፣ ዲስኩን መርጣችሁ ሶስቷን ነጥብ ስትነኩ ስማርት ዳታ የሚል አለ። ሪአሎኬትድ ሴክተርና ፔንዲንግ ሴክተር የሚሉት ላይ ዜሮ ካልሆነና ቁጥሩ በየቀኑ ከጨመረ ዲስኩ እየሄደ ነው፣ ሌላ ምንም ሳትሞክሩ ፋይላችሁን አውጡ። የድሮው የሚሽከረከረው ዲስክ ከሆነና ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ ቁጥሩንም አትጠብቁ። በኤስኤስዲ ስትቀይሩት ያ ያረጀ ላፕቶፕ ሌላ ላፕቶፕ ነው የሚሆነው፣ ራም ከመጨመር በፊት እሱን አድርጉ።

ሰዓቱ በ3 ሰዓት ይዛነፋል

እኛ ደግሞ ድሮም ከዓለም 6 ሰዓት ተዛንፈን ነው የኖርነው አሁን 3 ተጨመረ። ሊኑክስ ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት በግሪንዊች ነው የሚያስቀምጠው፣ ዊንዶውስ ደግሞ በአገር ሰዓት፣ እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ስለምንቀድም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዊንዶውስ ብትገቡ 5 ሰዓት ነው ይላችኋል። ሊኑክሱ ላይ ታይምዴትሲቲኤል፣ ስፔስ፣ ሴት ሰረዝ ሎካል ሰረዝ አርቲሲ (ከፊቱ ሁለት ሰረዝ የለውም)፣ ስፔስ፣ 1 ብላችሁ ጨርሱት።

ሰዓቱ በ3 ሳይሆን ጭራሽ ብዙ ዓመት ወደኋላ የሚሄድ ከሆነ ግን ይሄ ሌላ ነው፣ የማዘርቦርዷ ትንሽ ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ከተሳሳተ ብሮውዘሩ ሁሉንም ድረገፅ "ደህንነቱ ያልተጠበቀ" ይላል፣ አፕዴትም አይሰራም፣ ሰው ይሄን አይቶ ነው ኢንተርኔቱ ተበላሸ የሚለው። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ሲአር2032 የምትባለዋ ክብ ባትሪ ናት፣ በሽቦ ተጠቅልላ ትመጣለች፣ ስትገዙ ከነሽቦዋ የሆነውን ጠይቁ።

ድምፅ የለም፣ ደሚ አውትፑት ይላል

መጀመሪያ ቀላሉን እንይ፦ ኤችዲኤምአይ ተመርጦ ይሆናል፣ ሳውንድ ሴቲንግ ውስጥ ስፒከር የሚለውን ምረጡ። ከዛ ተርሚናል ላይ አልሳሚክሰር ብላችሁ ክፈቱ፣ ስፒከር ወይ ማስተር ከስሩ ኤምኤም የሚል ካለው ተዘግቷል፣ ኤም ንኩና ክፈቱት።

በእውነት ደሚ አውትፑት ብቻ ካለ፣ በተለይ ከ10ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ባሉት ኢንቴሎች ላይ፣ ድምፁ ሶፍ የሚባል ፋየርምዌር ይፈልጋል። ሲስተማችሁን በደንብ አፕዴት አድርጉና ጠፍቶ ይነሳ፣ ሪስታርት ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። በድሮው መንገድ እንዲሰራ የሚያስገድድ ኤስኤንዲ-ኢንቴል-ዲኤስፒሲኤፍጂ የሚባል ኦፕሽንም አለ ግን ብዙ ጊዜ የላፕቶፑን ማይክ አብሮ ይገድለዋል፣ ስፒከር ሰራ ብላችሁ ዙም ላይ ሰው አይሰማችሁም።

ፋኑ እንደ ሄሊኮፕተር ይጮሃል፣ ይግላል፣ አንዳንዴ ራሱ ጥፍት ይላል። ዊንዶውስ ላይ እንዲህ አልነበረም

ነበረ፣ አላስተዋላችሁትም። ወይ ደግሞ የተጫነው ከክረምት ወደ በጋ ስትሻገሩ ነው።

ሴንሰርስ ብላችሁ ፃፉ (ከሌለ ኤልኤም-ሴንሰርስ የሚለውን ጫኑ) የሙቀቱን ቁጥር ያወጣል። ምንም ሳትከፍቱ ቁጭ ብሎ 45 እስከ 55 ከሆነ ደህና ነው። ምንም ሳይሰራ 80 ካለ ወይ አንድ ፕሮግራም ከጀርባ ሲፒዩውን እየበላ ነው፣ ሲስተም ሞኒተር ላይ ታዩታላችሁ፣ ወይ ደግሞ አቧራ ነው። እኛ ጋ አቧራ ነው። በየአቅጣጫው ግንባታ አለ፣ አስፋልቱ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ያልቃል፣ ጥር ላይ ነፋስ ሲነሳ መስኮት ዘግታችሁም ጠረጴዛው ላይ በጣታችሁ ስማችሁን መፃፍ ትችላላችሁ።

አንድ ቀን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የሂሳብ ላፕቶፑን አመጣልኝ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ "ሊኑክስህ አቃጠለው" ብሎ። ሴንሰርሱ 97 ይላል። የጀርባውን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳ ፋኑ ነጭ ነው፣ እንዳለ ነጭ። ፋኑን ሳወጣ ደግሞ ከፋኑና ከመዳብ ክንፎቹ መሃል አንድ ጣት ስፋት ያለው እንደ ብጣሽ ብርድ ልብስ የተደራረበ ነገር ቁጭ ብሏል፣ በወረንጦ ስስበው ሳይበጣጠስ እንዳለ ወጣ፣ ሲሸተት ጤፍ ነው። ያን አውጥቼ የደረቀውን ቴርማል ፔስት በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁት፣ መልሼ ሳስነሳው 58። ሰውየው ላፕቶፑን ጆሮው ላይ አስጠግቶ "ጠፍቷል እንዴ?" አለኝ።

ራሳችሁ ልታፀዱት ከሆነ አጥፉ፣ ቻርጀር ንቀሉ፣ ባትሪውን ከማዘርቦርዱ ላይ ንቀሉ። ፋኑን በጣት ያዙት እንጂ እየተሽከረከረ አይነፋ። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ነው የምትጨምሩበት። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በጎማ ንፋስ ደግሞ በጭራሽ፣ ይሄን ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ ያ ንፋስ ውሃና ዘይት አለው፣ ጉልበቱም የፋኑን ክንፍ ይሰብራል። ንፁህ የቀለም ብሩሽና ትዕግስት በቂ ነው። ሌላው አልጋ ላይ፣ ፍራሽ ላይ፣ ጋቢ ላይ አስቀምጦ ፊልም ማየት ይቅር፣ አየር የሚያስገባው ከስሩ ነው።

ባትሪው ቶሎ ያልቃል

መጀመሪያ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው እዩ። ዩፓወር፣ ስፔስ፣ ሰረዝ ዲ ብትሉ ኢነርጂ ፉል እና ኢነርጂ ፉል ዲዛይን የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ አንዱ አሁን የሚይዘው ሌላው ከፋብሪካ ሲወጣ ይይዝ የነበረው። 48 የነበረው 17 ከሆነ ሊኑክስን አትክሰሱት፣ ዱባይ ላይ ያደከመው ሌላ ሰው ነው። ዩዝድ ላፕቶፕ ስትገዙ እኮ ፍላሻችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዛው ሱቁ ውስጥ አስነስታችሁ ይሄን ቁጥር ማየት ትችላላችሁ፣ ሻጩ ፊቱን ያጠቁራል ግን ዋጋው ይወርዳል።

ባትሪው ደህና ሆኖ ከሆነ ቲኤልፒ የሚባለውን ባትሪ ቆጣቢ ጫኑ፣ ምንም ሴቲንግ አይፈልግም። ፓወር-ፕሮፋይልስ-ዴመን ከሚባለው ጋር ግን አብሮ አይሄድም፣ አንዱን ምረጡ። ቲንክፓድ ያላችሁ ቻርጁ 80 ላይ እንዲቆም ማድረግ ትችላላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ ለሚውል ላፕቶፕ ዕድሜ ይጨምራል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን 80 ላይ ማቆሙን እኔ ራሴ ተውኩት።

ክዳኑን ዘግቼ ስከፍተው ወይ አይነሳም ወይ ቦርሳ ውስጥ ግሎ ባትሪውን ጨርሶ ይጠብቀኛል

ሁለት ዓይነት እንቅልፍ አለ፣ ቀላሉና ጥልቁ። ካት ብላችሁ ስፔስ ስላሽ ሲስ ስላሽ ፓወር ስላሽ ሜም አንደርስኮር ስሊፕ ብትሉ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ ያለው አሁን የሚጠቀምበት ነው። ኤስ2አይድል (ቀላሉ) በቅንፍ ውስጥ ሆኖ አጠገቡ ዲፕ (ጥልቁ) የሚል ካለ ወደ ዲፕ ቀይሩት። የሚቀየረው ስላሽ ኢቲሲ ስላሽ ዲፎልት ስላሽ ግራብ የሚለው ፋይል ውስጥ ነው፣ ኳየት ስፕላሽ የሚሉት ሁለት ቃላት ያሉበት መስመር ላይ፣ ከነሱ ኋላ ከጥቅሱ ሳትወጡ ሜም አንደርስኮር ስሊፕ አንደርስኮር ዲፎልት እኩል ይሆናል ዲፕ ብላችሁ ጨምሩ፣ ሴቭ፣ ከዛ ሱዶ አፕዴት-ግራብ፣ ሪስታርት። ዲፕ የሚል ጭራሽ ካላያችሁ ባዮስ ውስጥ ፈልጉ፣ አንዳንድ ቲንክፓዶች ስሊፕ ስቴት የሚል ቦታ ላይ ሊኑክስ የሚል ምርጫ አላቸው።

የብራይትነስ ቁልፉ አይሰራም

እዛው ግራብ ፋይል ላይ፣ እዛው መስመር ላይ፣ ኤሲፒአይ አንደርስኮር ባክላይት እኩል ይሆናል ኔቲቭ። ካልሆነ ኔቲቩን በቬንደር ቀይሩት፣ ካልሆነ በቪዲዮ። ሶስቱንም በአንዴ አይደለም።

ከጫንኩ በኋላ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው፣ ላፕቶፑ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ አለው

ሲነሳ የግራብ ሜኑ (ሲስተም የሚያስመርጠው፣ አመጣጡን የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ፅፌዋለሁ) ላይ ኢ የምትለዋን ፊደል ንኩ፣ ሊኑክስ ብሎ የሚጀምረውን መስመር ፈልጉ፣ መጨረሻው ላይ ስፔስ አድርጋችሁ ኖሞድሴት ፃፉና ኤፍ10። ስክሪኑ ደብዝዞም ቢሆን ይመጣል፣ ያኔ ድራይቨር ማኔጀር ገብታችሁ ሪኮመንድድ የሚለውን የኤንቪዲያ ድራይቨር ጫኑ። ኖሞድሴት ለአንድ ጊዜ መግቢያ ነው፣ እሱን ዘላቂ አድርጋችሁ አትኑሩበት፣ ሁሉ ነገር ቀርፋፋ ይሆናል። ካርዱ በጣም ያረጀ ከሆነ ኤንቪዲያ ራሱ ከአዲሶቹ ድራይቨሮች አውጥቶታል፣ ኑቮ የሚባለው ክፍት ድራይቨር ላይ ቆዩ፣ ጌም ካልተጫወታችሁ ምንም አይጎድልባችሁም።

ተችፓዱን ነካ ሳደርገው ክሊክ አያደርግም

አልተበላሸም፣ ሴቲንግ ውስጥ ታፕ ቱ ክሊክ የሚለው ጠፍቶ ነው። ጭራሽ ቀስቱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ኤፍ ቁልፎቹ ላይ የተችፓድ ስዕል ያለበት አንድ አለ፣ በስህተት ተነክቶ ይሆናል። ከእንቅልፍ ሲነሳ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሱዶ ሞድፕሮብ ሰረዝ አር ፒኤስማውስ፣ ከዛ ያለ ሰረዝ አሩ ሱዶ ሞድፕሮብ ፒኤስማውስ ብላችሁ መልሱት፣ በድሮዎቹ ላፕቶፖች ላይ ይሰራል።

ልጭን ስል ኢንስቶለሩ ሃርድ ዲስክ የለም ይላል

ባዮስ ውስጥ ሳታ የሚለው ሬይድ ወይም ኢንቴል አርኤስቲ ላይ ነው፣ ኤኤችሲአይ አድርጉት። ዊንዶውሱን የምትፈልጉት ከሆነ ግን ቆም በሉ፣ ዝም ብላችሁ ከቀየራችሁት ዊንዶውሱ አይነሳም፣ መጀመሪያ ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አዛችሁ ነው ባዮሱን የምትቀይሩት።

የጣት አሻራውስ?

ብዙ ላፕቶፕ ላይ አይሰራም። ፓስወርድ ተጠቀሙ። ካሜራው ጥቁር ከሆነ ደግሞ ከላዩ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፋ አድርጓት፣ አትሳቁ፣ ሁለት ሰው ለዚህ ብሎ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶልኛል።

ልጄ፣ እኔ ጡረተኛ መምህር ነኝ፣ ኪቦርዱ አማርኛ እምቢ አለኝ፣ ፓወር ግዕዜ ጠፋ

ጋሼ፣ እሱ የዊንዶውስ ስለሆነ ነው እንጂ ኪቦርድዎ ደህና ነው። አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ይጫኑ፣ ከዛ ኢንፑት ሜተድ ውስጥ አማርኛ ሴራ የሚለውን ይጨምሩ፣ በእንግሊዝኛ ድምፁን ሲፅፉ ፊደሉ ይመጣልዎታል። በድሮው ፓወር ግዕዝ የፃፏቸው ፋይሎች ፎንታቸው ዩኒኮድ ካልሆነ እዚህ ሲከፈቱ የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናሉ፣ ስለዚህ የድሮውን ኮምፒውተር ሳይሰጡት ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሯቸው። ካስቸገረዎት ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ እኔ እመጣለሁ እርስዎ ደረጃ አይውጡ።

ጥገና ቤቱ "ሊኑክስ ስለሆነ አንነካውም፣ ዊንዶውስ እንጫንበት" አለኝ

ቻርጀር መግቢያው ለላላ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ምን ያደርጋል? ፍላሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዮስ ውስጥ ወይ ዲያግኖስቲክሱ ላይ ችግሩን እዛው አሳዩአቸው፣ "ሶፍትዌሩን አትንኩብኝ፣ ይሄን ዕቃ ብቻ ቀይሩልኝ" በሉ። ዲስካችሁን ፈትታችሁ ቤት ትታችሁት ብትሄዱም ይቻላል፣ ማዘርቦርድ ወይም ስክሪን ለመጠገን ዲስክ አያስፈልግም። እኔ እንደዛ ነው የማደርገው፣ ፎቶዬንም ፋይሌንም ማንም አይበረብርም።

ሁሉም ሲሰራ ነበር፣ አፕዴት ካደረግኩ በኋላ ነው ዋይፋዩም ድምፁም የጠፋው

አዲስ ከርነል ገብቶ ነው። የድሮው አልጠፋም፣ እዛው አለ። ላፕቶፑ ሲነሳ ኢስኬፕን ነካ ነካ አድርጉ፣ የድሮ ባዮስ ያለው ከሆነ ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ፣ የግራብ ሜኑ ይመጣል፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ግቡና ከላይ ሁለተኛውን ቁጥር ምረጡ፣ ሪከቨሪ የሚለውን ሳይሆን። በሱ ሲነሳ ሁሉም ከተመለሰ ጥፋተኛው ታወቀ። ሚንት ላይ አፕዴት ማኔጀር ውስጥ ቪው ከዛ ሊኑክስ ከርነልስ ብላችሁ አዲሱን ማስወገድ ትችላላችሁ፣ ታይምሺፍት (የሲስተሙን ቅጂ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ቀድማችሁ አብርታችሁ ከነበረ ደግሞ ወደ ትናንት መመለስ ይቻላል። ከዛ አንድ ሁለት አፕዴት እስኪያልፍ በድሮው ቆዩ፣ አዲሱ ሲወጣ በፍላሽ ሳይሆን እዛው ሜኑ ላይ መርጣችሁ ሞክሩት።